ልጄ ተዋጊ ጄት ማብረር እፈልጋለሁ አለች፤ የልጅነት ሕመሟን እንናገር ወይስ ዝም እንበል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። መካከለኛዋ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞላት፤ 12ኛ ክፍልንም በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። አምስት ኪሎ ገብታ ኢንጂነሪንግ ትማራለች ብዬ ስጠብቅ፣ አየር ኃይል ገብቼ ተዋጊ ጄት ማብረር ነው የምፈልገው ብላ ቁርጡን ነገረችን። እናቷ ታላቅ ወንድሟን በባድመ ጦርነት ያጣች ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እኔ እውነቱን ለመናገር በውስጤ ኮርቻለሁ፤ ግን እፈራለሁም። ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ልጄ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች ትኩሳት ይዟት አንድ ቀን ተንቀጥቅጣ ራሷን ስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልደገማትም። እሷም አታስታውሰውም። ዘመዶቻችን ‹ምርመራ ላይ ይህን ካነሣችሁ ትወድቃለች፤ ዝም በሉ› ይሉናል። ዝም እንበል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር የመረጠችን ልጅ ወላጅ እንዴት ነው የሚደግፋት?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ልመልስልዎ። አይደብቁ። ለመርማሪው ሐኪም ይነገር። ከዚያም በፊት ለልጅዎ ይንገሯት።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። የነገሩኝ ነገር ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የሕፃናት መንቀጥቀጥ ይመስላል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በብዛት የምናየው ነው። ከ100 ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስቱን አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ለወላጅ በጣም ያስደነግጣል። ዓይን ይገለበጣል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ግን ከ15 ደቂቃ ያነሰ ከሆነ፣ መላ ሰውነትን ያንቀጠቀጠ ከሆነና በዚያው ቀን ካልደገመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ያልፋል። የሚጥል በሽታ ማለትም አይደለም። በብዙ አገሮች የአየር ኃይል ሕክምና አሠራር፣ አምስትና ስድስት ዓመት ሳይሞላ የመጣና ያልደገመ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ብቻውን እጩን አያስጥልም። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የመጣ ወይም ያለ ትኩሳት የመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለእርስዎ ልጅ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የሚመረምራት ቦርድ ነው። የአንጎል ሞገድ ምርመራ ሊያዝላት ይችላል። እሱም የሚያም ነገር የለውም።

መርማሪው የሚጠይቀውን ላስቀድምልዎ። ስንት ዓመቷ ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየ? አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ ነበር ወይስ መላ አካሏ? ስትነቃ ወዲያው አወቀቻችሁ? በቤተሰብ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ? ይህን ሁሉ ሊመልስ የሚችለው እናትና አባት ብቻ ነው። የወሰዳችኋት ሆስፒታል ወረቀት ቤት ውስጥ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ካለ ፈልጉት። የክትባት ካርዷንም አብራችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። ዘመዶችዎ «ዝም በሉ» ያሉት ልጅዎን ወደው ነው፤ ይገባኛል። ግን ያ ምክር ሥራዋን ገና ሳትጀምር አደገኛ ትምህርት ያስተምራታል። ሐኪምን አታምኚ፣ የሚያስጥልሽን ነገር ዋጥ አድርጊው የሚል ትምህርት። እኔ የበረራ ሐኪም ሆኜ ለዓመታት ከአብራሪዎች ጋር ሠርቻለሁ። አሁንም ፓይለት የሚሆኑ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካለው ክሊኒካችን ይመጣሉ። ጄቱ ሲታጠፍ ሰውነትን ከሚጫነው ክብደት (ከጂው)፣ ከከፍታውም፣ ከማሽኑም በላይ የሚያስፈራኝ ነገር አንድ ነው፤ የሚደብቅ አብራሪ። በዓለም ሁሉ አብራሪ ሐኪሙን ይፈራል። ሐኪሙ በአንድ ፊርማ ከሰማይ ያወርደዋላ! ስለዚህ ጆሮው ሲያመው ይደብቃል። እንቅልፍ ሲያጣ ይደብቃል። ፍርሃት ሲይዘው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይደብቃል። አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእኛ ሙያ ያሉት ይመስለኛል።

እንግዲህ «ወላጅ እንዴት ይደግፋት?» ላሉኝ መልሴ እዚህ ላይ ነው። እውነት መናገር የማያስቀጣበት ቤት ስጧት። ደክሞኛል፣ አሞኛል፣ ፈርቻለሁ፣ አልቻልኩም ማለት የሚቻልበት ቤት። የቀረውን አሰልጣኞቿ ያስተምሯታል። ይህን ግን ማንም ሊተካላችሁ አይችልም።

ለምን ይህን ያህል እንዳከበድኩት እንዲገባዎ ተዋጊ ጄት ውስጥ ሰውነት ምን እንደሚሆን በቅርበት ላሳይዎ።

አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰማዎት ክብደት 1 ጂ ይባላል። ጄቱ በፍጥነት እየበረረ ሲታጠፍ ይህ ክብደት ይባዛል። በ5 ጂ 60 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 300 ኪሎ ሆና ወንበሩ ላይ ትጫናለች። እጇን ማንሣት ያቅታታል። ደሟ ከጭንቅላቷ ወደ እግሯ ይወርዳል። በመጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል። ቀጥሎ የዳርና ዳሩ እይታ ይጠፋና መሐሉ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ይጨልማል። ከዚያ ራስን መሳት ነው። ያልሠለጠነ ሰው ብዙውን ጊዜ በ4 እና በ6 ጂ መካከል ራሱን ይስታል። ዘመናዊ ተዋጊ ጄት ደግሞ እስከ 9 ጂ ይደርሳል።

ጂ ሱት የሚባል ልብስ አለ። እየተነፋ እግርንና ሆድን ያስራል፤ ደም እንዳይወርድ። ግን የሚጨምረው 1 ወይም 1.5 ጂ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን አብራሪዋ በገዛ ጡንቻዋ ታደርገዋለች። ባቷን፣ ጭኗን፣ መቀመጫዋንና ሆዷን ታጠብቃለች። አየር ስባ ጉሮሮዋን ትዘጋለች። በየሦስት ሰከንዱ ፈጠን አድርጋ ትንሽ አስወጥታ መልሳ ትስባለች። ይህን እያደረገች አውሮፕላን ታበራለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ሌላውን አውሮፕላን በዓይኗ ትከተላለች። ራሷን ብትስት 15 ሰከንድ ያህል ምንም አታውቅም። ከነቃች በኋላም ቀጣዮቹን 15 ሰከንዶች ያህል ግራ ገብቷት ነው የምታሳልፈው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ30 ሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከእርስዎ ሰፈር ከአራት ኪሎ ቦሌ ኤርፖርት ድረስ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ አውሮፕላኑ ያለ ሰው ሄደ ማለት ነው።

ይህን የመቋቋም አቅም የሚቀንሱትን ይስሙ። የውሃ ጥም። ባዶ ሆድ። ያልተኛ ሌሊት። የትናንት መጠጥ። ጉንፋን። ሁሉም ጠዋት ላይ «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትናገራቸው የምትችላቸው ነገሮች ናቸው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን ልምድ ያስፈልጋል። ልምዱ የሚጀምረው ከቤት ነው።

ከፍታውም እንደዚያው ነው። እኛ አዲስ አበቤዎች ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ከእኛ ሰፈር አየር ብዙ አይለይም። 7,600 ሜትር ላይ ግን ኦክስጅን ቢቋረጥባት በትክክል ማሰብ የምትችለው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ክፋቱ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ሲጀምር አያምም። ብዙውን ሰው ደስ ደስ ይለዋል። ሁሉን እንደቻለ ይሰማዋል። ሰልጣኞችን ግፊቱ በሚቀነስ ክፍል ውስጥ አስገብተን ጭምብላቸውን አውልቀው ቀላል የሂሳብ ስሌት እንዲሠሩ የምናደርገው ለዚህ ነው። ወረቀቱን በኋላ ሲያዩት በራሳቸው ጽሕፈት ይደነግጣሉ። ደህና ነኝ ብለው ሲያስቡ ደህና እንዳልነበሩ በዓይናቸው ያያሉ።

ሴት ስለሆነች ጂ አትችልም የሚል ሰው ከመጣ አይስሙት። በጂ መቋቋም በኩል በወንድና በሴት መካከል ለሥራው የሚያሰጋ ልዩነት የለም። የሚለካው ቁመቷ፣ ተቀምጣ ያላት ቁመት፣ የእግሯ ርዝመትና ክብደቷ ነው። ከአደጋ የሚያስፈነጥረው ወንበር የክብደት ገደብ አለውና። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣልያን ወረራ በፊት እዚሁ ከተማ አውሮፕላን ማብረር ስትማር፣ በአገሩ አውሮፕላን ያየ ሰው ራሱ ጥቂት ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በ1921 ዓ.ም. ነዋ! ሴት ልጅ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። «ሴት ናት ብለው እንዳይንቁኝ» ብላ ከወንዱ አብልጣ ትደብቃለች። ሕመሟን፣ ድካሟን፣ የወር አበባዋን ቁርጠት ሳይቀር። እናቷ ከአሁኑ ይህን በግልጽ ብታነጋግራት ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ቤት ልመለስ። ወላጆች በፍቅር የሚሠሯቸውና እኛን ሐኪሞችን የሚያስጨንቁን ነገሮች አሉ። አንደኛው የመድኃኒት ፌስታል ነው። አንድ ሰልጣኝ አስታውሳለሁ። ከቤት ሲመለስ እናቱ ማር፣ የታሸገ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳምና ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የጉንፋን ክኒን በአንድ ፌስታል ቋጥራ ሰጥታዋለች። ጉንፋን ሲጀምረው ክኒኑን ማታም ጠዋትም ዋጠ። ጠዋት በረራ ላይ አሰልጣኙ ሬዲዮ ሲጠራው ዘግይቶ ይመልሳል። ሁለቴ ደገመ። አሰልጣኙ መልሶ አሳረፈውና ወደ እኔ ላከው። ምን ወሰድክ ስለው ምንም አለኝ። ደግሜ ብጠይቀውም ምንም አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው ነው ፌስታሉን ያመጣው። «እናቴ የሰጠችኝ ነው፤ ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አለኝ። ያ ክኒን እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ነበር። ደግሞም ጉንፋኑ ራሱ ጆሮና ሳይነስን ይዘጋል። አውሮፕላኑ ሲወርድ የታፈነው አየር መውጫ ያጣና ታምቡር እስከ መቅደድ ይደርሳል። ማሩን ይላኩላት። ክኒንም ሆነ ቅጠል ግን ሐኪሟ ሳያውቅ አይላኩ።

ሁለተኛው ጾም ነው። ይህን ሳነሣ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ግን ማንሣት አለብኝ። ብዙ የሥልጠና በረራ የሚደረገው አየሩ ሳይናወጥ በጠዋት ነው። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትውል ልጅ ውሃም ምግብም ሳታገኝ ነው ጂ የምትገባው። ከላይ ምን እንደሚያስከትል ነግሬዎታለሁ። ሙስሊም ቤተሰቦችም በረመዳን ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው። ከንስሐ አባቷ ጋር እሷ ራሷ ትነጋገር፤ ሌላውም ከሃይማኖት አስተማሪው ጋር። አገልጋዮቹ ሥራው ምን እንደሆነ በትክክል ሲነገራቸው የሚመክሩትን ያውቃሉ። ከቤት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስልክ «ጾመሻል?» ብላችሁ አታስጨንቋት። አልጾመችም ብላችሁ እንዳታዝኑ ስትል ትዋሻችኋለች፣ ወይም እናንተን ላለማሳዘን ባዶ ሆዷን ትበራለች። ሁለቱም አይጠቅምም።

ጫት የሚቃም ታላቅ ወንድም ወይም ጓደኛ ቤት ውስጥ ካለ፣ የፈተና ሰሞንም ቢሆን እንዳያስለምዳት። እንቅልፍ ይነሣል፤ ልብን ያስሮጣል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው መርዶ ነው። እኛ አገር ክፉ ወሬ ይደበቃል። አያት ትታመማለች፣ ልጁ ሩቅ ነውና አይነገረውም። ትሞታለች፣ ጊዜ ተጠብቆ ማለዳ ይረዳል። ባህሉ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ለአብራሪ ግን ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አንድ ጊዜ እንደተደበቀባት ካወቀች ከዚያ በኋላ «ሁላችንም ደህና ነን» ስትሏት አታምናችሁም። ኮክፒት ውስጥ ተቀምጣ «ቤት ምን ሆኖ ይሆን?» ትላለች። ሁለተኛ፣ አንድ አፍ የማይችል ዘመድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመሳሳት ደውሎ ያረዳታል። እሷም ለማንም ሳትናገር ትበራለች። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ስምምነት አድርጉ። ምንም ነገር አይደበቅም። ግን ክፉ ወሬ የሚነግራት አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚነግራትም በረራ በሌላት ሰዓት ነው፤ ከባድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ አለቃዋ ወይም የክፍሏ ሐኪም እንዲያውቀው ተደርጎ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ዘመድ ሁሉ ይወቅ። በእናንተ ቤት ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ለተራ ስልክም ሰዓት አበጁለት። ቅዳሜ ማታ፣ ወይም እሷ በመረጠችው ቀን። ሳትደውል ብትቀር ወዲያው ቴሌግራም ላይ የአደጋ ወሬ አትፈልጉ። ወሬው ብዙ ነው፤ እውነቱ ጥቂት ነው። የት ትበሪያለሽ፣ ስንት ሆናችሁ፣ ነገ ወዴት ናችሁ ብላችሁም አትጠይቋት። ወታደር ናት፤ ልትነግራችሁ አትችልም። የማትመልሰውን ጥያቄ ካልጠየቃችኋት መዋሸት አያስፈልጋትም። ፎቶዋን በዩኒፎርም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍም እንደዚሁ ይቅር። አክስቶቿንም ይምከሩልኝ።

ኩራትዎን በተመለከተ ደግሞ ከፍርሃትዎ ይልቅ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ደብዳቤ ሳይመጣ እድር ላይ «ልጄ ፓይለት ልትሆን ነው» ብለው እንዳያወሩ። ሥልጠና የጀመሩት ሁሉ የሚጨርሱበት አየር ኃይል የትም የለም። ሰልጣኝ በየበረራው ይመዘናል። በፒስተን አውሮፕላን፣ ማለትም በትንሹ ባለ ፕሮፔለር መለማመጃ ጎበዝ የሆነው ጄት ላይ ሊከብደው ይችላል። መጀመሪያ ላይ የሚያስታውከው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ይለምደዋል፣ ጥቂቱ አይለምደውም። አንዳንዱ በሰውነቱም በችሎታውም ሙሉ ሆኖ «ይህ ሥራ የኔ አይደለም» ብሎ በራሱ ይወስናል። ይህ የመጨረሻው በጣም ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፓይለቷ እያለ የሚጠራት ልጅ ይህን ማለት አትችልም። ሳትፈልገው፣ ልቧ ሳይኖር ትቀጥላለች። ልቡ የሌለ አብራሪ ደግሞ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

ስለዚህ ከመሄዷ በፊት፣ እናቷም ባለችበት፣ እንዲህ ይበሏት፦ «ብትጨርሺም እሰየው፤ ብትመለሺም ቤትሽ ነው። ማንም ምንም አይልሽም።» አንዴ በቂ ነው። አይደጋግሙት፤ ከተደጋገመ «ትወድቂያለሽ ብለን ነው የምንጠብቅሽ» ይመስላል። ብትመለስም ሰማዩ አይዘጋም። የበረራ ቁጥጥር አለ፣ የአውሮፕላን ጥገና አለ፣ አምስት ኪሎም የትም አይሄድም።

አሁን ለመናገር የሚከብደውን ልናገር። ብዙ ወላጅ «ጄት አብራሪ» ሲል ዩኒፎርሙንና ሰማዩን ያያል። ተዋጊ ጄት የጦር መሣሪያ ነው። ሥራው በሰላም ጊዜ መሠልጠን፣ በጦርነት ጊዜ መዋጋት ነው። ልትሞት ትችላለች። ልትማረክ ትችላለች። በ1969–70ው የሶማሊያ ጦርነት ጀግንነቱ የታወቀው አብራሪ ለገሰ ተፈራ 11 ዓመት ገደማ ሶማሊያ ውስጥ ታስሮ ነው የተመለሰው። ልጅዎ ልትገድልም ትችላለች። ይህ ሦስተኛው በየቤቱ አይነሣም። እርስዎ ያንሡት። «ትእዛዝ ሲመጣልሽ ከታች ማን እንዳለ አስበሽበታል?» ብለው ይጠይቋት። ሲቪል ሰው ኢላማ እንደማይደረግ የ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶችን ጨምሮ የጦርነት ሕግ አለ፤ ታንብበው፤ አብረው ያንብቡት። ከጦርነት የተመለሱ አብራሪዎች ሲጨነቁ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በደረሰባቸው ነገር አይደለም። ባደረጉት ወይም በዓይናቸው ባዩት ነገር ነው። ያን የሚያወሩበት ሰው የነበራቸው ቆይተውም ቢሆን ይድናሉ። አባቷ ይህን ለመስማት ዝግጁ እንደሆነ ዛሬ ካወቀች፣ ያ ቀን ቢመጣ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች። መልሷ ካላረካዎ ይንገሯት። ከሥራው ጋር ባይስማሙም መደገፍ ይቻላል። «ውሳኔሽን አልወደድኩትም፤ አንቺን ግን አልለቅሽም» ማለት ድጋፍ ነው።

ባለቤትዎ ወንድሟን አጥታለች። ፍርሃቷ ከምናብ የመጣ አይደለም፤ ቤቷ ገብቶ የሚያውቅ ነገር ነው። እባክዎ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም» አይበሏት። ማንም ሊገባላት የማይችል ቃል ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። ስለ ወንድሟ ታውራ። ለልጇም ታውራላት፤ አንድ ጊዜ፣ ሙሉውን፣ እያለቀሰችም ቢሆን። ልጇ እናቷን የምትረዳት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልቅሶው በየስልኩ እንዳይሆን። እናቷ ባለቀሰች ቁጥር ልጅቷ ሌላ የማትነግራት ነገር ትጨምራለች፤ «እንዳታዝንብኝ» ብላ። ባለቤትዎ ጭንቀቷን የምታወርድበት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። እህት፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ። እንቅልፍ ካጣች ወራት ከሆናት ሐኪም ትይ። ልጇ ብትሄድም ብትቀርም ይህ የራሷ ሕክምና ነው።

በነገራችን ላይ፣ «እሺ፣ ግን ሲቪል ፓይለት ሁኚ» እያሉ አይደራደሯት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትምህርት ቤት ድንቅ ቦታ ነው። ከልቧ ከሳባት ራሷ ታነሣዋለች። ግን ሰዎችን ከቦታ ቦታ በሰላም ማድረስና በጦር ጄት መዋጋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመረጠችውን ሥራ የእርስዎን ፍርሃት በሚያስታግስ ሌላ ሥራ ቢለውጡባት፣ ያልተሰማች መሆኗ ብቻ ነው የሚገባት።

በዚህ ወር ልታደርጉ የምትችሉትን ልንገርዎና ልጨርስ። የዓይን ምርመራ አስቀድሙ። ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ጥሩ የግል ክሊኒክም ይበቃል። ርቀት ማየቷን ብቻ ሳይሆን ቀለም መለየቷንም ይታይ፤ በነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የምታነብበት ፈተና ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀለም አለመለየት ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፤ ቢሆንም ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ጆሮዋን፣ የደም ግፊቷን፣ የደም ማነሷን አሳዩ። መነጽር ካስፈለጋት በራሷ ወደ ሌዘር ቀዶ ሕክምና እንዳትሮጥ፤ መጀመሪያ መርማሪዎቹ የሚቀበሉትን ዓይነት ይጠይቁ። ሩጫ ብቻ አይበቃም፤ የእግርና የሆድ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ትጀምር። እንግሊዝኛዋንና ፊዚክሷን አትተው፤ የበረራ ትምህርቱ በሁለቱ ላይ ነው የሚቆመው።

የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ መስፈርቱን ከማስታወቂያው ራሱ ያንብቡ፤ ከሰው አፍ አይስሙ። ደላላ «አስገባታለሁ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀ አጭበርባሪ ነው። ውል የሚፈረም ከሆነ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባት፣ ሥልጠናውን ካልጨረሰች ወዴት እንደምትመደብ፣ ብትጎዳ ሕክምናዋን ማን እንደሚሸፍን፣ ትዳርና ልጅ ሲመጣ ደንቡ ምን እንደሚል አብራችሁ ተቀምጣችሁ መስመር በመስመር አንብቡ። ጥያቄዎቹን እሷ ትጻፍ፤ መልማዩንም እሷ ትጠይቅ። እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ፤ ሳትጠይቅ ያለፈችው ነገር ካለ ብቻ ያስታውሷት።